በግራ እጅ የተሠራ ፈንዲሻ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? የዚያ አገር ብርድ አጥንት ይሰብራል ይላሉ፤ የሌሊት ልብስሽ ይበቃሽ ይሆን? እኛ በአንቺ ጸሎት ደህና ነን። ቤቱም እንደተውሽው ቆሟል። ጎረቤቶችሽ፣ ሰፈሩ ሲፈርስ የቀሩት ማለቴ ነው፣ በራችንን ባለፉ ቁጥር መቼ ነው የምትመጣው እያሉ ያደርቁኛል። ወገብሽን ግን አልጠይቅሽም። ለምን እንደማልጠይቅሽ ቆየት ብለሽ ትሰሚያለሽ። ስለ ሚናስም አሁን አልጽፍልሽም፤ እሱን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ።

እማዬ፣ ተቆጥቼ ነው የምጽፍልሽ። ልደብቅሽ ሞክሬ ነበር፤ ሰላምታውን አሳምሬ ስለ አየሩ፣ ስለ ሽሮው ጻፍኩና ሳነበው የሌላ ሰው ልጅ የጻፈችው መሰለኝ፤ ቀድጄ ጣልኩት። እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርልኝም። ይህን ከአንቺ አልወረስኩትም። አንቺማ ሆድሽ የገባ አይወጣም፤ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንደሚባለው ሚናስ አንቺን መሰለ፣ እኔ አባቴን መሰልኩ።

ነገሩ የተጀመረው ስለትሽን ላጥብልሽ ብዬ ነው።

ሚናስ ሊቢያ ታስሮ ድምፁ በጠፋብን ጊዜ ጊዮርጊስ ደጅ ቆመሽ የተሳልሽውን አልረሳሁም፤ አጠገብሽ ነበርኩ። ልጄን በሕይወት መልስልኝ እንጂ የአትሮንስ ልብስ በገዛ እጄ ሠርቼ፣ የሌላ ሰው እጅ ሳላስነካ አስገባለሁ ነበር ያልሽው። ልጁ መጣ። አንቺም ኪሮሽሽን አነሳሽ። ለእሱ ግን እስከ ዛሬ አልነገርሽውም፤ ስለት ሳይገባ አይወራም ብለሽ። ለሚያዝያው ንግሥ አደርሳለሁ ብለሽ ጀመርሽና፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ወገቤን አመመኝ፣ ጸበል ልጠመቅ ብለሽ ተነሥተሽ ሄድሽ።

እኔም እናቴ እስክትመለስ አጥቤ ላቆይላት አልኩ። እንዳስተማርሽኝ ለብ ባለ ውሃ ነክሬ፣ ሳልጨምቅ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በስፒል ወጠርኩት። ማግሥቱን ከሥራ ስመለስ መሀሉ ተጨማዶ አገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ መሰለኝ። ስፒሉን ነቅዬ፣ እንደገና አርሼ ወጠርኩት። አሁንም ያው ተጨማደደ፤ ያውም እዚያው ቦታ ላይ።

አንቺ የምታውቂውን ነገር ልነግርሽ ነው፤ ታገሺኝ። የአትሮንሱ ልብስ ኮከቦች አንድ በአንድ ተሠርተው ነው የሚገጣጠሙት። እያንዳንዱ ኮከብ ላይ ፈንዲሻው፣ ያ እብጥ ብሎ የሚወጣው ቋጠሮ፣ ከመሀል ተነሥቶ እየዞረ ይወጣል። አንድ ቀዳዳ ውስጥ አምስት ዘለላ ትሠሪያለሽ፣ ኪሮሹን ከቀለበቱ ታወጪያለሽ፣ ወደ መጀመሪያው ዘለላ ራስ ትመለሺና የተንጠለጠለውን ቀለበት ስበሽ ታሳልፊዋለሽ፤ ያን ጊዜ ክሩ ይታፈንና ብቅ ይላል። ልጅ ሆኜ ከአጠገብሽ የማልጠፋው እሱ ሲፈነዳ ለማየት ነበር። እና በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው ኮከቡ ወደ አንድ ወገን ይዞራል። የአንቺ ኮከቦች ሁሉ፣ ሶፋው ላይ ያሉት፣ ለአክስቴ ልጅ ለምብራት ሰርግ የሠራሽው የአልጋ ልብስ፣ ሁሉም ወደዚያው ወገን ነው የሚዞሩት። ስለቱን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ግማሾቹ ወደ ተቃራኒው ዞረዋል። ደረቅ ሆኖ ሲታይ አያስታውቅም። ውሃ ሲነካው ሁሉም ወደየወገኑ ጎተተና መጋጠሚያው ላይ ተጣላ።

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ልንገርሽ? አፈርኩብሽ። ሌላ ሰው አሠርታ በገዛ እጄ ሠራሁ ልትል ነው፣ ያውም ለጊዮርጊስ፣ ያውም በልጇ ሕይወት ብዬ አፈርኩብሽ።

ጨርቁን በነጠላዬ ሥር ይዤ እትዬ ዘነቡ ቤት ሄድኩ። ሌላ ወዴት እሄዳለሁ? ክርሽን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወርደው የሚገዙልሽ እሳቸው፣ ግድግዳ የምንጋራው ከእሳቸው ጋር። ቢያንስ የሠራውን ሰው ያውቃሉ ብዬ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው ይሠራሉ። ኪሮሹ በግራ እጃቸው ነበር።

እማዬ፣ ስንት ዘመን አብረን ኖረን እትዬ ዘነቡ በግራቸው ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። ከእኛ ጋር ሲቀመጡ በቀኛቸው ነው፤ ሥራቸውም ሻካራ ስለሆነ አንቺም እኔም ስናሾፍባቸው ኖረናል። ድምፄን ሲሰሙ ደንግጠው ኪሮሹን ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩት። ጨርቁን ጭናቸው ላይ ዘረጋሁና ይሄ የማን እጅ ነው አልኳቸው። የእናትሽ ነዋ አሉኝ። እንግዲያው ወላሂ ይበሉ አልኳቸው። በሽንኩርት ዋጋ እንኳ ወላሂ የሚሉት ሴትዮ መሐላውን አልደፈሩትም። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ እጃቸው ነው። ወሎ ልጅ ሳሉ በግራቸው ነገር በነኩ ቁጥር እየተመቱ ነው ያደጉት። በሰው ፊት ቀኙን ለመዱ፤ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ሥራው በግራ እንጂ በቀኝ አይሆንላቸውም። ምኞትዬ፣ ስጨነቅ የከረምኩት ለዚህ ነው አሉኝ። የእስላም እጅ መሆኑ ሳያንስ ግራ እጅ፣ ያውም ለቤተ ክርስቲያን! ብለው እጃቸውን በቀሚሳቸው ሸፈኑት። አንጀቴን በሉት። እኔ ግን አልለቀቅኋቸውም፤ ለምን ሠሩላት አልኳቸው። አልናገርም አሉ። ለመንኳቸው። በመጨረሻ ጊዮርጊስሽን ብለሽ ማይልኝ አሉኝ፤ ለሚናስ አንዲት ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ማልኩላቸው።

እንግዲህ ዓይንሽን አወቅሁ፣ እማዬ።

የጎኑ ጠፍቶ ፊት ለፊቱ ብቻ እንደቀረሽ፣ እሱም እንደደበዘዘ አወቅሁ። ከእሳቸው ጋር ተደብቀሽ ሐኪም ቤት መሄድሽን፣ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም፣ ያለውን ግን በጠብታ ማቆየት ይቻላል መባልሽን ሁሉ አወቅሁ። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ሕዝቡ በዛብኝ ብለሽ ክንዴን ጨምድደሽ የያዝሽው፣ ለእንግዳ ሻይ ስትቀጂ ያፈሰስሽው፣ ገዳም ስልክ ክልክል ነው ብለሽ ስልክሽን ኮመዲኖ ውስጥ የተውሽው፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣብኝ። መነጽርሽን ረስተሽ የሄድሽ መስሎኝ ስበሳጭ ነበር። ለካስ ስለማይጠቅምሽ ነው። አብሬሽ እየበላሁ፣ አብሬሽ እየተኛሁ አለማየቴን ሳስበው እዚያው እትዬ ዘነቡ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፤ ሴትዮዋ በኋላ እኔን ማባበል ትተው ራሳቸው ጀመሩ።

ያበሸቀኝ ግን መደበቅሽ አይደለም፤ የደበቅሽበት ምክንያት ነው። ለእሳቸው ያልሽውን ቃል በቃል ነገሩኝ። ልጄ አንድ እግሩ ዛሬም ውጭ ነው፣ አየዋለሁ፤ ዓይኔ መጥፋቱን ከሰማ ይቀራል፤ እኔ ደግሞ እንዲመራኝ አይደለም ከሞት የለመንኩት ብለሻል። ይህን ስሰማ እንደገና ተናደድኩ። እሱን እንዳታስሪ ብለሽ ራስሽን ጨለማ ውስጥ ታስገቢያለሽ? እኔስ? እኔ የማልመራሽ እንጨት ነኝ? አንድም ቀን ለምኞት ልንገራት አላልሽም። ለእሷ ከነገርኩ ሳይመሽ ይሰማዋል ብለሽ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ ግን አሁንም ከፍቶኛል።

ጠብታሽን ኮመዲኖው ውስጥ ከስልክሽ ጋር አገኘሁት። ይዘሽው አልሄድሽም። አባ ተስፋማርያም ዘንድ ሄጄ ሳማክራቸው እናትሽን ማን ነው ጸበልና መድኃኒት ተጣልተዋል ያላት፣ ሁለቱም የአንድ አምላክ ናቸው፣ በእኔ ቃል ጠብታውን ታድርግ ብለዋል። የንስሐ አባትሽ ቃል ነው፤ የእኔ አይደለም። ከነጠላሽ ጋር ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ፤ ዛሬውኑ ጀምሪ። በየቀኑ የሚሄድብሽ ነገር እንደማይመለስ ሐኪሙ ለአንቺ ነግሮሻል፤ እኔ ልደግምልሽ አልፈልግም።

አሁን ስለ ስለቱ። እትዬ ዘነቡ የእኔን ኮከቦች ተርትሪያቸው አሉኝ። ክሩ የእናትሽ ነው፣ አይበላሽም፣ ድካሜ ምንም አይደለም አሉ። መቀሱን አንሥቼ መጋጠሚያውን መፍታት ጀመርኩና መልሼ አስቀመጥኩት። ቢፈታስ ማን ሊሠራው ነው? እኔ ብሠራው ያው የአንቺ እጅ አይደለም። ይህን ስላቸው ዓይንሽን ጨፍኚ አሉኝ። ጨፈንኩ። ጣቴን ይዘው ኮከቡ ላይ አኖሩትና ቁጠሪ አሉኝ። እማዬ፣ ሜዳውን፣ ፈንዲሻ የሌለበትን ልሙጡን ማለቴ ነው፣ በጣት ማንበብ ያስቸግራል፤ ቀጭን ክር ስለሆነ አንዱ ካንዱ አይለይም። ፈንዲሻው ግን እያንዳንዱ ለብቻው ይነካል። የት እንደጀመረ፣ የት እንደታጠፈ፣ ቀጣዩ የት መግባት እንዳለበት ዓይን ሳያስፈልግ ይታወቃል።

ከዚያ ከሣጥናቸው አንድ ኮከብ አወጡ። ይህን እናትሽ ናት የሠራችው፣ ሥራው እንደማይታያት ከነገረችኝ በኋላ፣ እኔ ክሩን አቀብያት እሷ በጣቷ እየዳበሰች አሉኝ። አዟዟሩን አየሁት፤ የአንቺ ወገን ነው። ከሌሎቹ ትንሽ ጠበቅ ብሏል፤ ፈርተሽ ክሩን ስበሽዋል። ጉድለት ግን የለበትም። ለእሳቸው ግን ተበላሽቷል ጣዪው ብለሽ ሰጥተሻቸው፣ ከዚያ በኋላ ኪሮሽ አልነካም ብለሽ የቀረውን በእሳቸው ላይ ጣልሽ። እሳቸውም ተበላሽቷል ያልሽውን እንደ ክታብ ደብቀው አቆዩት። አንድም ፈንዲሻ አልሳትሽም፣ እማዬ። የጠፋው ዓይንሽ እንጂ እጅሽ አይደለም።

ስለዚህ ጨርቁን እንዳለ ትቼዋለሁ። የሚተረተር ከሆነ አንቺ ወስኚና ትርትሪው፤ አንቺው ደግመሽ ትሠሪዋለሽ። የእትዬ ዘነቡ ይሁንልኝ፣ ጊዮርጊስ ያውቃል የምትዪም ከሆነ አባ ተስፋማርያምን ጠይቀሽ የአንቺ ነገር ነው። ለሚያዝያ ባይደርስ ለኅዳር ይደርሳል፤ ታቦቱ ከእነ ደጁ የትም አይሄድም። ጨርቁ ሲገባ ግን እትዬ ዘነቡ እስከ ቅጥሩ በር አብረውን እንዲሄዱ እፈልጋለሁ። እምቢ ብለውኛል። አንቺ ስትነግሪያቸው እሺ ይላሉ።

ተቆጥቼ ጀምሬ ለምኜ ልጨርስ ነው መሰለኝ። ነይልኝ። ሱባዔሽን ጨርሺና ነይ። ከአስፋልቱ እስከ በራችን ያለው መንገድ ተቆፋፍሯል፤ የድሮው ደረጃ የለም፤ በልማድሽ ብትመጪ ትወድቂያለሽ። ብቻሽን አትምጪ።

አሁን ለመጨረሻ ወዳቆየሁት ልምጣ።

ሚናስ ደህና ነው ብዬሽ ማለፍ እችል ነበር። ሰውነቱ ደህና ነው። ካፌ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ ማኪያቶ ሲያፈላ የምታውቂው ልጅ ግን ሰሞኑን ሌላ ነው። ስልክ ሲደወልለት ውጭ ወጥቶ ያወራል። ስጠይቀው ይስቃል፤ ያ ሳቁ ደግሞ የአንቺ ነው፣ አላውቀውም እንዴ? አንድ ቀን አፋጥጬ ያዝኩትና ነገረኝ። ከነገረኝ በኋላ እሱም በተራው አስማለኝ። ለእማዬ ከአፍሽ ብትወጣ እህት የለኝም አለኝ። ማልኩለት። አየሽልኝ ጉዴን? በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሁለት ሰው ጊዮርጊስን ብዬ ማልኩ፤ አንዱን ስለ አንቺ ለእሱ እንዳልነግር፣ ሌላውን ስለ እሱ ለአንቺ እንዳልነግር። ሁለታችሁ በአንድ ቤት ተቀምጣችሁ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ስትሉ ልትጠፋፉ፣ እኔ መሀል ቆሜ አፌን እንድይዝ።

ማሐላዬን አላፈረስኩም፣ እማዬ። ከአፌ አንዲት ቃል አልወጣችም። ባለፈው እሑድ ራሱ መጥቶ ከመሄዷ በፊት አልተሰናበትኳትም፣ ገዳም ድረስ ሄጄ ልጠይቃት አለኝ። ለምን መሄድ እንደፈለገ ገብቶኛል። ሂድ አልኩት። ደብዳቤ እጽፍላታለሁ፣ መነጽሯን ረስታለችና አንተ አንብብላት አልኩት። ፖስታውን አሽጌ ሰጠሁት።

ሚናስዬ፣ እዚህ ድረስ ካነበብክላት እግዜር ይስጥህ። ሳትቆጣኝ አልቀረህም። ውሃ ካለ ጠጣ፤ ለእሷም ስጣት፣ ኩባያውን እጇ ላይ አድርግላት። ስንት ዘመን ወንድሜ ሆነህ አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም። ከዚህ በታች ያለው መስመር የአንተ ነው። ብትዘለው አታይህም፤ ደብዳቤው እዚህ አለቀ ብትላትም ታምንሃለች። እንዳትዘለው። ጮክ ብለህ አንብብላት።

«እማዬ፣ በሆሳዕና ማግሥት በሞያሌ በኩል ልወጣ ነው። የመጣሁት ሳልነግርሽ ልሰናበትሽ ነበር።»

ከዚህ ወዲያ ያለውን እኔ አልጽፍም፤ እናንተ ተነጋገሩት። ሰማዕቱ ከመንገድ ክፉ ይጠብቃችሁ። ቤቱን ጠርጌ፣ በሩን ሳልቆልፍ እጠብቃለሁ።

ልጅሽ፣
እህትህም።